ኩዊልት ለመስፋት የትኛው መኪና? ከየሰዉ የምሰማው ምክርና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ «ኩዊልት እሰፋለሁ» ስል ቀድሞ የሚመጣው ሳቅ ነው። «ድሪቶ ማለትሽ ነው?» ይሉኛል። ዘመዱ ነው፣ አልክድም። ቁርጥራጭ ጨርቅ ይቀጣጠላል፣ መሃል ጥጥ ይነጠፋል፣ ከሥር ገበር ይገባል፣ ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ። ከሳቁ ቀጥሎ ደግሞ ስለ መኪናው ምክር ይጎርፋል። በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በተተከለበት ከተማ ሁሉም የስፌት አዋቂ ቢሆን አይገርምም። ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

«ብዙ ዓይነት ስፌት ያለውን ግዢ።» በዚህ ተሸውጃለሁ። አበባና ዳክዬ የምትሰፋ መኪና ገዛሁ። ዳክዬዋን አንድ ቀን ለልጆች አሳየኋቸው፣ በቃ። ኩዊልት የሚፈልገው ቀጥ ያለ ስፌት ነው። ቁርጥራጩ የሚገጣጠመው ከጠርዙ ሩብ ኢንች፣ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ገባ ተብሎ ነው። በየስፌቱ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ አብልጣችሁ ብትገቡ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚቀነስ፣ አሥር ስፌት ያለው ረድፍ 2 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ያኔ ዳክዬ አያድናችሁም።

«ወፍራም ስለሆነ የፋብሪካ መኪና ያስፈልገዋል።» ጥጡ እኮ ሲጫኑት ይተኛል። የሚያስቸግረው ስፋቱ ነው። የሁለት ሜትር ኩዊልት መሃሉ ሲሰፋ ግማሹ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ በመርፌውና በመኪናው ምሰሶ መካከል ማለፍ አለበት። በተራ የቤት መኪና ይህ ክፍተት 16 ወይም 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ስንት ዋት እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ክፍተቱን ለኩ። የፋብሪካው ሰፊ ነው፣ እውነት ነው። ግን በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት የሚሮጥ አለ፤ ለጀማሪ ጣት ያስፈራል።

ሌላው ችግር መሸብሸብ ነው። ከመርፌው ሥር ያሉት የመኪናው ጥርሶች የሚስቡት የታችኛውን ጨርቅ ነው፤ የላዩ ወደ ኋላ እየቀረ መጨረሻ ላይ ይኮማተራል። መፍትሔው ከላይም ጥርስ ያለው፣ ከመርፌው ጋር እየተራመደ ሦስቱን እኩል የሚወስድ የመኪና እግር፣ ማለትም ጨርቁን ከላይ የሚጫነው ክፍል ነው። መኪናው ይህን እግር መቀበሉን ሳታረጋግጡ ብር እንዳትከፍሉ።

«የእግር መኪናማ ጊዜው አልፎበታል።» በየበረንዳው የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዎች እስቲ ቆም ብላችሁ እዩ። መብራት ሲጠፋ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፣ እነሱ ይቀጥላሉ። ቀጥ ያለ ስፌቷ የታወቀ ነው። ደግሞ መኪናዋ ጠረጴዛው ውስጥ ስለተገጠመች የኩዊልቱ ክብደት ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፤ ክንድ አይዝልም። ዚግዛግ ላይኖራት ይችላል። አትቀየሙባት።

«ከአሜሪካ የመጣ ይበልጣል።» የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የሶኬት ማስማሚያ የሚለውጠው የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ ነው፣ ቮልቱን አይነካም። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳታዩ ከሰካችሁት ጭስ ነው። ለመኪናው የሚበቃ ትራንስፎርመር ካላችሁ ግን ችግር የለም።

«ክሩ ከሥር ከተጠላለፈ መኪናው ተበላሽቷል።» ይሄኛው እኔንም አታሎኛል። ከጨርቁ ሥር እንደ ወፍ ጎጆ የተጠላለፈ ክር አየሁና የታችኛውን ክር ሦስት ጊዜ ፈትቼ ጠቀለልኩ። አልሆነም። መኪናዋን አቅፌ በባጃጅ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወዳለ ጠጋኝ ሄድኩ። ሰውየው ምንም አልፈታም። የመኪናዋን እግር ወደ ላይ አነሳ፣ የላይኛውን ክር አወጣ፣ እንደገና አስገባ። የመኪናው እግር ወርዶ ክር ሲገባ የላይኛው ክር ማጥበቂያ ዝግ ስለሆነ ክሩን አይዝም፤ ያልተያዘው የላይ ክር ሥር ወርዶ ይከመራል። አንድ መስመር ሰፋልኝ፣ ጥርት ያለ። «ስንት ልክፈል?» አልኩት።

እሱም ሳቀብኝ።