የማኅበራዊ ትስስር ትንተና ምንድን ነው?

የመንግሥት መዋቅር ማን ለማን እንደሚታዘዝ ያሳያል። ማን የማን አማች እንደሆነ፣ እነማን አብረው እንደተማሩ፣ እነማን በአንድ ኩባንያ ቦርድ ላይ እንደሚቀመጡ ግን አያሳይም። ስንቱ ጉዳይ የሚያልቀው ደግሞ እዚያ ነው። ስለ አንድ ባለሥልጣን «ሰው አለው» ሲባል ነገሩ ወዲያው ይገባናል።

የማኅበራዊ ትስስር ትንተና ይህንን ወሬ ወደሚቆጠር ነገር የሚለውጥ የጥናት ዘዴ ነው። ሰው፣ ቤተሰብ ወይም ተቋም ነጥብ ይሆናል፤ ግንኙነታቸው መስመር። ቀላሉ መለኪያ አንዱ ነጥብ ስንት መስመር እንዳለው መቁጠር ነው። እኔ ይበልጥ የምወደው ሊንተን ፍሪማን የተባለው የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ በ1977 ያቀረበውን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሌሎች ሰዎች የሚገናኙበት አጭሩ መንገድ ምን ያህል ጊዜ በአንተ በኩል ያልፋል? ወዳጆችህ ጥቂት ቢሆኑም መተላለፊያው አንተ ከሆንክ ጉልበት አለህ።

ይህን እንደ ፍሎረንስ ታሪክ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አላውቅም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህቺን የጣሊያን ከተማ የሚዘውሯት ጥቂት ታላላቅ ቤተሰቦች ነበሩ። ስትሮዚዎች በሀብት ከሜዲቺዎች ይበልጡ ነበር። በ1434 ከተማዋን የጠቀለለው ግን ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ነው። ጆን ፓጄትና ክሪስቶፈር አንሴል በ1993 ባሳተሙት ጥናት የቤተሰቦቹን ጋብቻና ንግድ መርምረው ምክንያቱን ፈለጉ። በሰፊው በሚጠቀሰው የ16 ቤተሰቦች መረጃ ሜዲቺዎች ከ6 ቤተሰቦች ጋር ተጋብተዋል፤ ስትሮዚዎች ከ4። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። የፍሪማን መለኪያ ሲሰላ ግን ሜዲቺዎች ከግማሽ በሚበልጡት መንገዶች ላይ ቆመው ይገኛሉ፤ ስትሮዚዎች በአንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ።

ምስጢሩ አሰላለፉ ላይ ነው። ሜዲቺዎች የሚጋቡት በአብዛኛው ከሌላ ሰፈር ከሆኑ የከበሩ ቤተሰቦች ጋር ነበር፤ የሚነግዱት ደግሞ አዲስ ከተነሡ ሰዎች ጋር። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ እምብዛም ትስስር አልነበራቸውም። ተቀናቃኞቻቸው ግን እርስ በርስ ተጋብተው የተወሳሰቡ ነበሩ፤ ሁሉም አለቃ ሆነና ታዛዥ ጠፋ። የተቀናቃኞቹ መሪ ሪናልዶ አልቢዚ በ1434 ደጋፊዎቹን ለጦር ሲጠራ ብዙዎቹ አመነቱ። ፓላ ስትሮዚም ወደኋላ አለ።

ዘዴው ለዛሬም ይሠራል። በፊሊፒንስ ሰዎች ከአባታቸው ስም ጋር የእናታቸውንም የቤተሰብ ስም ይይዛሉ። ስለዚህ ማን ከማን እንደተጋባ ከስም ዝርዝር ይነበባል። በ2017 የታተመ ጥናት ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ በዚህ መንገድ አገናኝቶ፣ በትስስሩ መሃል ከሚገኙ ቤተሰቦች የወጡ ዕጩዎች ብዙ ድምፅ እንደሚያገኙ አሳይቷል። በሌሎች ጥናቶች የምክር ቤት አባላት አብረው ሕግ ማቅረባቸው ወይም የጋራ የቦርድ ወንበር መስመር ይሆናል።

ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። መስመር የሙስና ማስረጃ አይደለም። አንድ ቦርድ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሰላምታ እንኳ ላይለዋወጡ ይችላሉ። ሌላ ችግርም አለ፤ ካርታው ላይ የሚወጣው ወረቀት ላይ የሰፈረው ብቻ ነው። አንድ ዋና አገናኝ ከተረሳ ሥዕሉ ሁሉ ይዛባል።

ለመልካም አስተዳደር ትልቁ ጥቅሙ ይመስለኛል ንጽጽሩ ነው። ከምርጫ በፊትና በኋላ ሁለት ካርታ ይሣል። ወንበሮቹ ተቀያይረው ጨረታ የሚያሸንፉት ድርጅቶች ከእነዚያው ሰዎች ጋር ተሳስረው ከቀሩ፣ የሚጠየቅ ጥያቄ ተገኘ ማለት ነው። ለዚህ ግን የጨረታ ውጤትና የኩባንያ ባለቤትነት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። መዝገቡ በተዘጋበት አገር ተመራማሪው የሚሥለው ግማሹን ብቻ ነው።