ታብሌት ብቻውን ማንበብ አያስተምርም፦ ስለ ትንንሽ ቋንቋዎቻችንና ስለ ቴክኖሎጂ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በአገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ከእነዚህ በብዙዎቹ አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጪ የሚያነበው ታሪክ ቢፈልግ አያገኝም። «አሁንማ ቴክኖሎጂ አለ፣ በቃ ይቀረፋል» ሲባል እሰማለሁ። ቴክኖሎጂ እንደሚያግዝ እኔም አምናለሁ። ግን እንዴት እንደሚያግዝ ሲወራ የማይሆኑ ነገሮች ይደባለቃሉ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ለልጁ ታብሌት ስጠው፣ ማንበብን ራሱ ይማራል»

ለዚህ አባባል ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው እዚሁ እኛ አገር የተደረገ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ሆነ። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላላዩ ልጆች ታብሌቶችን እንደታሸጉ አስቀመጠላቸው። አስተማሪ አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት 4 ደቂቃ በቃው። በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይጠቀም ነበር። በ2 ሳምንት ውስጥ ኤቢሲዲን ይዘምሩ ጀመር።

የልጆቹ ብልህነት ያኮራል። ግን የዘመሩት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አፋቸውን የፈቱት ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ነው። ልጅ የማያውቀውን ቋንቋ ፊደል በዜማ መያዝ ይችላል። ማንበብ ግን ያነበቡትን መረዳትን ይጨምራል። ለዚያ ደግሞ የሚያውቀው ቋንቋ፣ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ነገር፣ አጠገቡም የሚያግዘው ሰው ያስፈልገዋል።

የዚሁ ድርጅት ላፕቶፖች ፔሩ ውስጥ በብዛት ታድለው ነበር። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ፈተና የታየ ለውጥ አላገኘም።

«የግዕዝ ፊደል ስልክ ላይ ስላለ ለሁሉም ቋንቋ ይሠራል»

ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ነው። አይፈረድበትም፤ እሱ ችግር ገጥሞት አያውቅም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ነበር የተካሄደው፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል። በአማርኛ የሌሉ ድምፆች ስላሉ ተጨማሪ ፊደላት ያስፈልጉ ነበር። ለአፋን ኦሮሞ የገባው «ዸ» አንዱ ነው። በማተሚያ ቤት ዘመን ፊደሉን ቀርጾ ማተም በቂ ነበር። በኮምፒውተር ዘመን ግን እያንዳንዱ ፊደል ዓለም አቀፍ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። ቁጥሩን የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው የፊደላት መለያ ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለሰባት ቤት ጉራጌና ለሜኤን የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፊደላት እስከ 2005 ጠበቁ። ለጉሙዝ፣ ለባስኬቶ፣ ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ የሚሆኑት በ2010 ገቡ። ለጉራጌ ቋንቋዎች በኋላ የተዘጋጁት ደግሞ በ2021። ልዩነቱን አስሉት፤ ከአማርኛ 22 ዓመት በኋላ ነው።

ቁጥሩ ስለተሰጠም ሁሉም ነገር አላለቀም። ፊደሉን የሚያሳይ ፎንትና የሚጽፍ ኪቦርድ ያስፈልጋል። አንድ መምህር ታሪክ ጽፎ በቴሌግራም ይልካል እንበል። ተቀባዩ ሲከፍተው በየቃሉ መሀል ባዶ ሳጥን ይታያል፤ ስልኩ ፎንቱ የለውማ። ልጁ ሳጥኑን ምን ብሎ ያንብበው? መምህሩም ሲሰለቸው ፊደሉን በቅርብ የአማርኛ ፊደል ይተካዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ የቋንቋው ድምፅ ከጽሑፉ ይወጣል። ኪይማን የሚባለው ነፃ የኪቦርድ ፕሮግራም ለመጻፊያው ችግር መፍትሔ ይሰጣል፤ ለአንድ ቋንቋ ብቻ የሚሆን ኪቦርድ መሥሪያም አለው። ታብሌት ለመግዛት ገንዘብ ከማሰባሰብ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው፦ በቋንቋችን አንድ ዓረፍተ ነገር በትክክል መጻፍና መላክ እንችላለን?

«ቋንቋዎቹ ስለሚቀራረቡ አንድ መጽሐፍ ለሁሉም ይበቃል»

ይህን ሞክረነዋል። ዋጋውም ከባድ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ። ቋንቋዎቹ መቀራረባቸው እውነት ነው፤ ለአራት የሚሆነውን በአንድ ማተም ደግሞ ወጪ ይቆጥባል። ግን መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ቋንቋ ቤቱ የሚናገር ልጅ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፎቹም ተሰበሰቡ።

ዛሬ ያ የወጪ ክርክር ውኃ አይቋጥርም። ብሉም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በአንድ ቋንቋ የተሠራን የሥዕል መጽሐፍ ትከፍታላችሁ፣ ሥዕሉ እንዳለ ሆኖ ጽሑፉን በራሳችሁ ቋንቋ ትተካላችሁ። ከዚያ በኤ4 ወረቀት ታትሞ መሀሉ ታጥፎ የሚሰፋ መጽሐፍ ይሆናል። ለአንድ ክፍል ተማሪ የሚበቃ 40 ቅጂ በትምህርት ቤቱ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይወጣል። አራት ቋንቋ ካለ አራቱም በየራሳቸው።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መምህሩ «ልጆቼ እስካሁን የተማሯቸው ፊደላት እነዚህ ናቸው» ብሎ ለብሉም ይነግረዋል። ታሪኩን ሲጽፍ ያልተማሩት ፊደል ያለበትን ቃል ፕሮግራሙ ቀለም ቀብቶ ያሳየዋል። መምህሩ ቃሉን ይለውጣል። ስለዚህ ልጁ መጽሐፉን ሲይዝ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ማንበብ ይችላል። ማንበብ ለጀመረ ልጅ አንድ ሙሉ መጽሐፍ መጨረስ ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የቃላት ዝርዝር ይዞ በእጅ መልቀም ያስፈልግ ነበር።

«ጎግል ይተረጉመዋል»

አማርኛ ጎግል ትራንስሌት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። አፋን ኦሮሞና ትግርኛ በ2022፣ አፋርኛ በ2024። ከ80 በላይ ካሉት ገና ስንት እንደቀሩ ቁጠሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ ብዙ ያልተጻፈበትን ቋንቋ ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ የቋንቋው ባለቤቶች ይጽፋሉ፣ ትርጉሙ በኋላ ይመጣል። ደግሞም ለልጅ የሚሆን ተረት ከሌላ ቋንቋ መምጣት የለበትም። አያቶቹ ጋ ሞልቷል።

«ኢንተርኔት ከሌለ ዋጋ የለውም»

ይሄ ቶሎ የሚመለስ ነው። ብሉም ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የተዘጋጀው መጽሐፍ በሜሞሪ ካርድ፣ በብሉቱዝ ወይም ዘፈን በምንለዋወጥበት በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ድምፅም ይቀዳበታል፤ ስልኩ ሲያነብ የሚነበበው ክፍል እየደመቀ ይሄዳል። ፊደል ያልቆጠሩ እናትና አባት ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው ሊከታተሉት ይችላሉ ማለት ነው።

«በአፍ መፍቻው ቢማር አማርኛና እንግሊዝኛ ይዘገይበታል»

ይህን የሚሉት ክፉ አሳቢዎች አይደሉም። ለልጃቸው ሥራና ዩኒቨርሲቲ የሚመኙ ወላጆች ናቸው። ሥጋታቸው መልስ ይገባዋል።

በትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ በእነ ካትሊን ሂዩ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት አለ። እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ፈተና፣ በተለይ በሒሳብና በሳይንስ፣ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት አንዴ ከገባው ወደ ሌላው ቋንቋ አብሮ ይሄዳል፤ ልጁ እንደገና ከዜሮ አይነሳም።

ከሁለቱ አንዱን መምረጥም ግድ አይደለም። ብሉም ላይ አንዱን ገጽ በሁለት ቋንቋ ማውጣት ይቻላል። ከላይ በጉሙዝ፣ ከታች በአማርኛ። ልጁ ታሪኩን በራሱ ቋንቋ አንብቦ ስለጨረሰ ከታች ያለው አማርኛ ምን እንደሚል ቀድሞ ያውቀዋል። የአማርኛ መምህሩም ክፍል ሲገባ ከዚያው ታሪክ መጀመር ይችላል።