ከሽንፈት በኋላ የሚደረግ የፓርቲ መሪ ምርጫ ምንድን ነው?

ጎንደር ላይ ፋሲል ከነማ ደጋግሞ ሲሸነፍ መጀመሪያ የሚነሳው የአሰልጣኙ ስም ነው። ምርጫ የተሸነፈ ፓርቲም ዓይን የሚያርፍበት መሪው ላይ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ አሰልጣኙን ክለቡ ያሰናብተዋል፣ የፓርቲ መሪን የሚተካው የአባላት ድምፅ ነው።

መሪው ብዙ ጊዜ ሽንፈቱን ተቀብሎ ራሱ ይለቃል። ተተኪ እስኪገኝ እሱ ወይም ሌላ ተጠባባቂ ይቆያል። ከዚያ እጩዎች ቀርበው ይከራከራሉ።

ዋናው ነገር ድምፁ የማን ነው የሚለው ነው። የብሪታንያ ወግ አጥባቂዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ክፉኛ ተሸንፈው 121 የፓርላማ ወንበር ብቻ ቀራቸው። መሪው ሪሺ ሱናክ እንደሚለቁ ቢያስታውቁም ተተኪ እስኪመረጥ አራት ወር ያህል ቆዩ። የፓርላማ አባላቱ 6 እጩዎችን ወደ 2 ዝቅ አደረጉ። የመጨረሻው ውሳኔ የተራው አባል ነበር፤ ኬሚ ባዲኖክን መረጠ።

የፓርላማ አባላቱና ተራው አባል ካልተስማሙስ? ሌላው የብሪታንያ ፓርቲ፣ ሌበር፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተሸነፈ በኋላ ጄረሚ ኮርቢን በ59.5 በመቶ ተመረጡ። በዓመቱ የራሳቸው የፓርላማ አባላት 172 ለ40 በሆነ ድምፅ እምነት ነፈጓቸው። ተራ አባላቱ ግን እንደገና መረጧቸው። ፓርቲው ለሁለት ተከፍሎ ከረመ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትህ ፓርቲ) በ2013ቱ ምርጫ ለተወካዮች ምክር ቤት ያገኘው 4 ወንበር ነበር። በ2014 ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። ብርሃኑ ነጋ (ፕሮፌሰር) በዚያን ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ፤ አንዱዓለም አራጌ ተፎካከሯቸው። ያሸነፉት ነባሩ መሪ ብርሃኑ ናቸው። ስለዚህ ይህ ምርጫ ሁልጊዜ አዲስ ፊት አያመጣም። ተሸንፎም ቢሆን እንደገና አደራ የሚሰጠው መሪ አለ፣ ያም የአባላቱ መብት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ለምን ተሸነፍን የሚለው በሰነድ ቀርቦ ሳይመረመር ወደ እጩ ከተሮጠ፣ ክርክሩ የሰው ስም ብቻ ይሆናል። ያው ስህተት በአዲስ መሪ ይደገማል።

ጎንደር ያለ አባል ደግሞ በአብዛኛው በቀጥታ አይመርጥም። ከአካባቢው የተወከለ ሰው ጉባኤው ላይ ድምፅ ይሰጥለታል። እንግዲህ ተወካዩ ከመሄዱ በፊት ሰብሰብ ብሎ ማንን፣ ለምን እንደሚመርጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲመለስም ምን እንዳደረገ ይናገር።