ሶምብሬሮ ጋላክሲ ከሐዋሳ ሰማይ

ሶምብሬሮ ከእኛ ወደ 30 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቅ ጋላክሲ ነው። የመዝገብ ስሙ ኤም 104 ነው። ሶምብሬሮ የተባለው የሜክሲኮዎችን ሰፊ ባርኔጣ ስለሚመስል ነው። ለእኔ ግን ቁርጥ አክንባሎ የተከደነ ምጣድ ነው። መሃሉ ላይ ያበጠው የከዋክብት ክምችት አክንባሎው፣ ዙሪያውን የከበበው ጥቁር የአቧራ ቀለበት ደግሞ የምጣዱ ጠርዝ።

እንዲህ የሚመስለው በጎኑ ስለምናየው ነው። ጥምዝ ከሚባሉት ጋላክሲዎች ቢመደብም፣ ጥምዝምዙ በደንብ አይለይም።

መጀመሪያ ያየው ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፒየር ሜሼን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1781፣ ፓሪስ ላይ። ከፓሪስ ሲታይ ከአድማስ ከ30 ዲግሪ ብዙም ከፍ አይልም። ሐዋሳ ላይ ግን አናት ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ ከአናት ወደ ደቡብ 19 ዲግሪ ያህል ብቻ ዝቅ ይላል። ሰማዩ ከጠራ ደግሞ ከፍ ያለ ነገር ይበልጥ ጥርት ብሎ ይታያል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥሩ ሰማይ እንዳለ ብዙ ሰው አለማወቁ ይቆጨኛል።

በሚያዝያ አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ከፍታው ላይ ይደርሳል። ችግሩ ወሩ የበልግ ዝናብ ወር መሆኑ ነው። የተሻለው ጥር ነው። ለጥምቀት ታቦት አጅቦ ያደረ ሰው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቀና ቢል ጋላክሲው እዚያው ከላዩ አለ። በዐይን ብቻ ግን አይታይም። ሰንቡላ በሚባሉት ከዋክብት ዳር፣ ቁራ ከሚባሉት ከዋክብት አጠገብ ነው ያለው። በባይኖኩላር ደብዛዛ ነጥብ ይመስላል፤ ቅርጹን ለማየት ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ከመብራት ራቅ ብሎ ወደ ሐይቁ ዳር መውጣትም ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ ቬስቶ ስላይፈር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የጋላክሲውን ብርሃን ወደ ቀለማቱ በተነው። ብርሃኑ ወደ ቀይ ተገፍቶ አገኘው። ጋላክሲው በሰከንድ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እየራቀን ነው ማለት ነው። ያኔ ጋላክሲዎች ከእኛው ጋላክሲ፣ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ስለመሆናቸው ገና ስምምነት አልነበረም። እንዲህ የሚሮጥ ነገር እዚሁ መንደራችን ውስጥ ሊኖር ይችላል ብሎ ማመን ከባድ ሆነ።

መሃሉ ላይ ግዙፍ ብላክ ሆል፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው አካል፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ልኬት ክብደቱን 1 ቢሊዮን ፀሐይ ያህል አድርጎታል። ዙሪያውን ደግሞ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ክብ የከዋክብት ጉባኤዎች ከበውታል፤ የእኛ ጋላክሲ ካሉት 10 እጥፍ ያህል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ዐይን በማያየው የሙቀት ብርሃን (ኢንፍራሬድ) ሲያነሳው ያ የሚያበራ አክንባሎ ደበዘዘ፤ ውስጡ የተኛው ዲስክና ጉብጉብ ያለው የአቧራ ቀለበት ብቻ ጎልቶ ቀረ።