ኬር ሆም ውስጥ መድኃኒት የመስጠት ብቃት እንዴት ይመዘናል?

እንግሊዝ ውስጥ በኬር ሆም፣ ማለትም እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በሚኖሩበት መጦሪያ ቤት፣ የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ ዕድሜው የገፋ፣ ከአንድ በላይ ሕመም ያለበትና መድኃኒቱን በራሱ ለመያዝ የሚቸገር ነው። ኪኒኑ ከሐኪሙ ትእዛዝ ተነስቶ እሱ ዘንድ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። የመጨረሻው እጅ የኬር ሆሙ ሠራተኛ ነው። ከዚያ በኋላ ስህተት የሚያርም ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በ55 ኬር ሆሞች የሚኖሩ 256 ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። ነዋሪዎቹ በአማካይ 8 ዓይነት መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ከእነሱ ውስጥ 178ቱ፣ ማለትም ከመቶ 70 የሚጠጉት፣ በመድኃኒታቸው ላይ ቢያንስ አንድ ስህተት ተገኝቷል። ጥፋቱ ሁሉ የሠራተኛው አልነበረም። ሐኪሙ ሲያዝ፣ ፋርማሲው ሲያዘጋጅ፣ መደረግ የነበረበት የደም ምርመራ ሲዘለል የተፈጠረም አለበት። በኬር ሆሙ በኩል ግን የሥራ ጫና፣ የሥልጠና ማነስና መድኃኒት በሚታደልበት ሰዓት ሥራው መቋረጡ እንደ ምክንያት ተነስተዋል። ልብ በሉ፣ ከሦስቱ ሥልጠና የሚፈታው አንዱን ብቻ ነው።

ማን ይሰጣል? ማንስ ይቆጣጠራል?

ኬር ሆሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ነርስ ያለው ነው። እዚያ መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው የተመዘገበ ነርስ ነው። ሁለተኛው ነርስ የሌለው ነው። እዚህ ሥራው የሚወድቀው በተንከባካቢዎች፣ በተለይም ሲኒየር ኬረር በሚባሉት ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች የሕክምና ትምህርት አልተማሩም። ሆኖም ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንም ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ ሞርፊንም በእጃቸው ያልፋል። የብቃት ምዘና ጉዳይ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ነርስ ናትና ያለ ምዘና ትለፍ ማለት ግን አይቻልም። ሆስፒታል ውስጥ ረጅም ዓመት የሠራች ነርስም ለኬር ሆሙ አሠራር አዲስ ናት።

ሕጉ በጥቅሉ የተቀመጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ደንብ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) በአንቀጽ 12 እንክብካቤ ሰጪው መድኃኒትን በአግባቡና በደህና እንዲያስተዳድር፣ ሥራውን የሚሠሩትም ሰዎች ብቃት ያላቸው እንዲሆኑ ያዛል። ይህን የሚቆጣጠረው በአጭሩ ሲኪውሲ የሚባለው የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን ነው። ዝርዝር ምክሩ የሚመጣው ናይስ ከሚባለው የጤናና የእንክብካቤ መመሪያ አውጪ ተቋም ነው። ናይስ በመጋቢት 2014 ስለ ኬር ሆም መድኃኒት አያያዝ ባወጣው መመሪያ፣ ሠራተኛው ሠልጥኖ ብቁ መሆኑ ሳይረጋገጥ መድኃኒት እንዳይሰጥ፣ ዕውቀቱና ክህሎቱም በየዓመቱ እንዲታይ ይመክራል። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ተቆጣጣሪ አላቸው። የሥራው ፍሬ ነገር ግን ያው ነው።

ሰርተፍኬትና ብቃት

ሥልጠና አንድ ነገር ነው፣ ብቃት ሌላ። በኮምፒውተር የሚሰጥ ኮርስ ጨርሶ፣ ጥያቄዎቹን መልሶ፣ ሰርተፍኬት አትሞ ፋይል ውስጥ ማስገባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ ሰውየው ትምህርቱን ማየቱን ያሳያል። ስልክ እየጮኸ፣ አንዷ ነዋሪ እያለቀሰች፣ ሌላው ኪኒኑን ሲተፋ ምን እንደሚያደርግ አያሳይም። ብቃት የሚታወቀው አጠገቡ ቆሞ በማየት ነው።

ስለዚህ የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። ሠራተኛው በመጀመሪያ ይማራል። ቀጥሎ ልምድ ያለው ሰው ሲሠራ ያያል። ከዚያ ራሱ እየሠራ ይታያል። ስንት ዙር (መድኃኒት ለነዋሪዎች እየዞሩ የሚታደልበት ሰዓት) እንደሚታይ የሚወስነው የቤቱ ፖሊሲ ነው። አንድ ዙር ብቻ አይቶ መፈረም ግን ለእኔ ቀልድ ነው። የጠዋቱ ዙር ከማታው ጋር አንድ አይደለም፣ የሳምንቱ መጨረሻም ከሥራ ቀን ጋር። መዛኙ ማናጀር፣ ምክትል፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር እሱ ራሱ ሥራውን የሚያውቅና የተመዘነ መሆኑ ነው።

አጠገብ ሲቆሙ ምን ይታያል?

መሠረቱ ስድስት ነገር ነው። ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው ሰዓት፣ ትክክለኛው መንገድ፣ በመጨረሻም ነዋሪው እምቢ የማለት መብቱ። ይህን በቃል የማይደግም ሠራተኛ የለም። መዛኙ የሚፈልገው ከእጁ እንጂ ከአፉ አይደለም።

እጁን ታጠበ? ማር ቻርት የሚባለውን የመድኃኒት መስጫ መዝገብ ከፍቶ ፎቶውንና የአለርጂ ማስታወሻውን አየ? የእሽጉን ጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር ቃል በቃል አመሳከረ ወይስ ቀለሙን አውቆ አነሳው? ኪኒኑን በጣቱ ነካው? ከመድኃኒት ጋሪው ሲርቅ ቆለፈው? ፈሳሽ መድኃኒት በሲሪንጅ ለካ ወይስ በግምት ቀዳ? የዓይን ጠብታው ላይ የተከፈተበት ቀን ተጽፏል? ነዋሪዋ እስክትውጥ ቆሞ ጠበቀ? ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ፊርማ የሚመጣው። ቀድሞ ፈርሞ ሊሰጥ የሚሄድ፣ ወይም የብዙ ሰው መድኃኒት በትንንሽ ኩባያ ደርድሮ በአንዴ የሚያዞር ሰው ያኔውኑ ይቁም። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረግ የተለመደ አቋራጭ ነው፣ የሰውን መድኃኒት ለሌላ ሰው የሚያሰጠውም እሱ ነው።

አነጋገሩም ይታያል። «መድኃኒትዎን አሁን ልስጥዎት?» ብሎ መጠየቅ ወግ ብቻ አይደለም፣ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ምሳ ጠረጴዛ ላይ በሰው ፊት የዓይን ጠብታ ማድረግ መድኃኒቱ ትክክል ቢሆንም ክብር ይነካል።

የሚያስቱ መድኃኒቶች

ጥሩ ምዘና ሁሉንም መድኃኒት እኩል አያይም። አብዛኛው ኪኒን ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ብዙ ጉዳት የለውም። የፓርኪንሰን መድኃኒት ግን እንደዚያ አይደለም። ሌቮዶፓ ሲዘገይ ሰውየው ሊደርቅ፣ መራመድ ሊያቅተው፣ መዋጥ ሊያስቸግረው ይችላል። የመድኃኒት ዙሩ ሁለት ሰዓት በሚፈጅበት ቤት እሱ ተራ ይጠብቅ ማለት አይቻልም። ሠራተኛው ዙሩን አቋርጦ ወደ እሱ መሄድ እንዳለበት ማወቁ መፈተሽ አለበት።

አሌንድሮኒክ አሲድ ለአጥንት መሳሳት ይሰጣል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ቁጭ ብለው ወይም ቆመው ይወስዱታል። ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መተኛት ክልክል ነው፣ ጉሮሮን ያቆስላልና። ለታይሮይድ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲንም ቁርስ ይቀድማል። አልጋ ላይ ላሉ ሰዎች ሁለቱንም ከሻይና ከገንፎ ጋር ማቀበል ተደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው።

ሜቶትሬክሴት ደግሞ ያስፈራል። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንዴ ነው። በየቀኑ በስህተት ተሰጥቶ ሰው የገደለበት ጊዜ አለ። መዝገቡ ላይ የቀሩት ስድስት ቀናት ተሰርዘው ካልተያዙ፣ ባዶ ሳጥን ያየ አዲስ ሠራተኛ «ተረስቷል» ብሎ ሊሰጥ ይችላል።

ፓራሲታሞል ሁሉም ሰው የሚያውቀው መድኃኒት ነው፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በሁለት መጠኖች መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ያስፈልጋል። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም አያልፍም፣ ክብደታቸው ላነሰ ሰዎች ደግሞ ከዚያ ይቀንሳል። ኮኮዳሞል በሚባለው የሕመም ማስታገሻ ውስጥም ፓራሲታሞል አለ። ሁለቱም የታዘዘላቸውን ሰው ሲያይ የሚጠይቅ ሠራተኛ ብቁ ነው።

ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ፓቾች ሌላ ጣጣ አላቸው። ፌንታኒል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ፓች በአብዛኛው በ72 ሰዓት ይቀየራል። አሮጌው ሳይነሳ አዲሱ ከተለጠፈ መጠኑ ይደራረባል። ጀርባ ላይ የተለጠፈ ስለማይታይ የት እንዳለ መመዝገብ ግድ ነው። ሙቀት መድኃኒቱ በፍጥነት እንዲገባ ስለሚያደርግ ትኩስ ውኃ ያለበት ላስቲክ አጠገቡ አይቀመጥም። እንደ ሞርፊን ያሉ ልዩ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ለብቻቸው በተቆለፈ ቁምሳጥን ይቀመጣሉ፣ በተለየ መዝገብ ይመዘገባሉ። ሲሰጡም ሁለተኛ ሰው መመስከሩ የተለመደ ነው። ምስክሩ ቆጥሮ፣ ሲሰጥ አይቶ ይፈርም። ቢሮ ተቀምጦ የሚፈርም ምስክር ምስክር አይደለም።

ኪኒን መጨፍለቅም አለ። መዋጥ የሚቸገር ሰው ሲያጋጥም ፈጭቶ እርጎ ውስጥ መጨመር ቀላል ይመስላል። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ኪኒን ሲፈጭ ግን የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። ፋርማሲስት ሳይጠየቅ አይደረግም። መዋጥ ለሚቸገሩ ሰዎች መጠጥ የሚያወፍረው ዱቄትም ከዚሁ አይለይም። አንድ የኬር ሆም ነዋሪ በአካባቢው የተተወ ዱቄት ውጦ ከሞተ በኋላ የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት በ2015 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መድኃኒት አይመስልም፣ አያያዙ ግን እንደ መድኃኒት መሆን አለበት።

«ምን ታደርጊ ነበር?»

ለእኔ የምዘናው ልብ ይህ ክፍል ነው። ዙሩ ሰላማዊ ከሆነ መዛኙ ብዙ አያይም፣ ስለዚህ ይጠይቃል። ነዋሪው እንቅልፍ ላይ ናቸው፣ ምን ታደርጊያለሽ? የዛሬው ኪኒን እሽጉ ውስጥ የለም፣ ትናንት ግን ተፈርሟል። ከሆስፒታል የተመለሱ ሴት ሁለት የተለያየ ዝርዝር ይዘው መጡ። ሐኪሙ በስልክ «መጠኑን እጥፍ አድርጉት» አለ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ግን አቁሞ መጠየቅና መመዝገብ ሁሉም ውስጥ አለ። «አላውቅም፣ ማናጀሯን እጠይቃለሁ» የሚለው መልስ ከአጉል ድፍረት ይሻላል።

ሲያስፈልግ ብቻ የሚሰጡ መድኃኒቶችም እዚህ ይገባሉ። የማስታወስ ችግር ያለባቸው ሰው አመመኝ ላይሉ ይችላሉ። ሲያቃስቱ፣ ሲነካኩ ሲቆጡ፣ ምግብ ሲተው ሕመም ሊሆን ይችላል። ሠራተኛዋ ያንን ታነባለች ወይስ «አልጠየቁም» ብላ ታልፋለች? በተቃራኒው፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ለነዋሪው ሳይሆን ለሺፍቱ ጸጥታ ሲባል እንዳይሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እምቢ ያሉትን መድኃኒት ደብቆ በምግብ መስጠት ከሁሉ የሚከብድ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ በ2005 የወጣው ስለ አእምሮ ውሳኔ አቅም የሚደነግገው ሕግ እዚህ ይሠራል። ራሳቸው መወሰን የሚችሉ ሰው እምቢ ካሉ፣ እምቢ ነው። የማይችሉ ከሆነ ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ ቤተሰብና ኬር ሆሙ ተመካክረው ለሰውዬው የሚበጀውን ይወስናሉ፣ ውሳኔው በጽሑፍ ይቀመጣል። አንድ ተንከባካቢ ብቻዋን «ለእሳቸው ብዬ ነው» ብላ የምታደርገው ነገር አይደለም።

ምዘናው የሚያልፋቸው

ሰው ሲታይ ጥሩ ይሠራል። ስለዚህ ከምልከታው ጎን ወረቀቱ ይመርመር። መዝገቡ ላይ ክፍት የቀረ ፊርማ፣ ከተፈረመው ጋር የማይገጥም የኪኒን ቆጠራ፣ በማን ሺፍት እንደሚበዛ ሲታይ ብዙ ይናገራል። የመዛኙና የተመዛኙ ጓደኝነትም አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ እንድትሸፍንለት የሚለምናትን ሰው መጣል ለማንም ቀላል አይደለም። ፋርማሲስት አልፎ አልፎ መጥቶ ቢያይ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የሌሊት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ሌሊት የተመዘነ ሰው ከሌለ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያመማቸው ሰው እስኪነጋ ይጠብቃሉ። ኤጀንሲ የሚልካቸው ጊዜያዊ ሠራተኞችም አሉ። ሌላ ቦታ ተመዝነው ይሆናል፣ የዚህን ቤት ነዋሪዎችና አሠራር ግን አያውቁም። ከሌላ አገር መጥተው የሚሠሩ ብዙዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና አለባቸው። ንግግር ይችላሉ፣ የሐኪም አህጽሮተ ቃልና የተመሳሳይ መድኃኒቶች ስም ግን ያደናግራቸዋል። በጽሑፍ ፈተና ከመጣል ይልቅ እሽጉን ጮክ ብለው እንዲያነቡና በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱ ማድረግ እውነቱን ያወጣል።

ስህተት ሲፈጠር መጀመሪያ የሚታየው ነዋሪው ነው። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠየቃል፣ እንደ ክብደቱ አምቡላንስ ይጠራል። ከዚያ ይመዘገባል፣ ለሰውዬውና ለቤተሰቡም በግልጽ ይነገራል። ሠራተኛው ለጊዜው ከመድኃኒት ሥራ ወጥቶ እንደገና ሠልጥኖ ሊመዘን ይችላል። ሁሉንም ስህተት በቅጣት የሚመልስ ቤት ውስጥ ግን ስህተት አይቀንስም፣ ሪፖርቱ ነው የሚቀንሰው። ተጠያቂው ሰው ከመለየቱ በፊት በዚያ ዙር ስንት ጊዜ እንደተጠራና ስንት ሰው እንደጎደለ ይጠየቅ።

አሁን አሁን ብዙ ቤቶች የወረቀቱን መዝገብ በታብሌት ኮምፒውተር ተክተዋል። ያልተሰጠውን ያስታውሳል፣ በሁለት መጠን መካከል ያለውን ሰዓት ይቆጥራል። ክፍት ፊርማ በእርግጥ ይቀንሳል። በምላሹ ስክሪኑ አረንጓዴ ሲሆን ያለማንበብ ልማድ ያመጣል። ታብሌት የሚጠቀም ቤት ምዘናው ውስጥ ኔትወርክ የጠፋበትን ዙርም ማስገባት አለበት፦ የመጠባበቂያው ወረቀት የት እንዳለ፣ የመጨረሻው መጠን መቼ እንደተሰጠ ከየት እንደሚታወቅ፣ መስመሩ ሲመለስ ማን እንደሚያስገባው።