የጎማና የቸርኬ ስፋት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የሚገባ ሹፌር ሁሉ ስለ ጎማ የራሱ አስተያየት አለው። ጎሚስታውም አለው። ረዳቱማ ከሁለቱ በላይ አለው። ብዙው ከልምድ የመጣ ነውና ልክ ነው። የጎማ ስፋትና የቸርኬ ስፋት እንዴት ይገጥማሉ የሚለው ላይ ሲደረስ ግን ወሬው ይበዛል። በተለይ ለሃርድቶፕ፣ ለሃይሉክስና ለፕራዶ ያገለገለ ጎማ ወይም ያገለገለ ቸርኬ የሚገዛ ሰው በዚህ ወሬ ብዙ ገንዘብ ያጣል። በብዛት የሚሰሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ከገባና ነፋስ ከያዘ ልኩ ነው»

ከሁሉም የሚበዛውና የሚጎዳው ይሄ ነው። ጉልበት ያለው ጎሚስታ በሁለት ሌቫ ያልሆነውን ጎማ ሁሉ ያስገባል። ጎማው ገብቶ ነፋስ ያዘ ማለት የተረጋገጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሁለቱም ዲያሜትር አንድ ነው። ስለ ስፋቱ ምንም አልተረጋገጠም።

እያንዳንዱ የጎማ ልክ የሚፈቀድለት የቸርኬ ስፋት አለው፤ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ። ለምሳሌ 265/70/16 (265 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ፣ 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች) ከ7 እስከ 9 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። 245/70/16 ከ6.5 እስከ 8። 235/85/16 ከ6 እስከ 7.5። የድሮው 31 በ10.50 በ15 (የጎማው ቁመት፣ ስፋቱና የቸርኬው ዲያሜትር፣ ሁሉም በኢንች) ደግሞ ከ7 እስከ 9። አምራቹ ለዚያው ጎማ ያወጣው ሰንጠረዥ ትንሽ ከተለየ የአምራቹ ይቀድማል።

አሁን ወደ ሃርድቶፑ እንምጣ። የድሮው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር 7.50-16 ጎማ (ስፋቱ 7.50፣ ቸርኬው 16 ኢንች) አድርጎ በ5.5 ወይም በ6 ኢንች ቸርኬ ነው የሚሄደው። ባለቤቱ መኪናው «እንዲያምር» ብሎ በዚያው በ5.5 ቸርኬ ላይ 265 ያስገባል። ከላይ ያለውን ቁጥር ያየ ሰው ችግሩ ይገባዋል፤ ቸርኬው ከትንሹ ልክ እንኳ በአንድ ኢንች ተኩል ይጠባል።

ምን ይሆናል? የጎማው ሁለት ጠርዞች ወደ ውስጥ ተጠግተው ይታሰራሉ። ጎኑ እንደ ሆድ ይነፋል። ጥርሱ ያለበት ፊት ደግሞ መሃሉ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ መሬት የሚነካው መሃሉ ነው። መሃሉ ይላጫል፣ ዳርና ዳሩ አዲስ እንደሆነ ይቀራል። ሐረጎ ጥምዝ ላይ መሪውን ስታዞር መኪናው ትንሽ ቆይቶ ነው የሚታዘዝህ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የጎማው ጎን ይታጠፋል፣ ከዚያ ነው አካሉ የሚከተለው። ጎን አብዝቶ ሲታጠፍ ይሞቃል። ጭነት ይዞ ወደ ባቲና ሚሌ ቆላ ለሚወርድ መኪና ይሄ ሙቀት ቀልድ አይደለም።

«እሺ፣ 265 ይቅር፤ 235/85 ላድርግ» የሚል ብልህ አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ይህ ልክ ከ7.50-16 ጋር ቁመቱ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ግን እሱም ከ6 ኢንች ይጀምራል። ቸርኬህ 6 ከሆነ ሂድበት። 5.5 ከሆነ ግን መጀመሪያ ቸርኬ መቀየር አለብህ።

ባለ ቀለበቱን ቸርኬ (ጎማውን በአንድ በኩል የሚይዝ ተነቃይ የብረት ቀለበት ያለውን) በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከስፋት ጋር ባይገናኝም። ጎማው ያለ ካላማዳሪ የሚሰራ ዓይነት ቢሆንም በዚህ ቸርኬ ላይ ካላማዳሪ ግዴታ ነው፤ ቀለበቱ ነፋስ አይዘጋም። ነፋስ ሲሞላ ቀለበቱ በትክክል ካልተቀመጠ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ካልሆነ ባይሞላ ይሻላል። ቢያንስ ማንም ሰው ከፊቱ አይቁም፣ ልጆች ደግሞ ጭራሽ አይጠጉ።

«ቸርኬውን በሜትር ለካሁት፣ 8 ነው»

ከየት እስከ የት ለካኸው? የቸርኬ ስፋት የሚለካው በውስጥ ነው፤ የጎማው ጠርዝ ተደግፎ ከሚቀመጥበት ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው። ከውጭ ከንፈር እስከ ከንፈር የለካ ሰው ወደ አንድ ኢንች የሚጠጋ ትርፍ ያገኛል። ስለዚህ በውጭ «8» የወጣው ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ 7 ነው። ያገለገለ ቸርኬ ሲሸጥ ይህቺ አንድ ኢንች ዋጋ ታስጨምራለች፤ ሻጩ አውቆም ሳያውቅም።

ሜትሩን ተወውና ጽሑፉን ፈልግ። በብረት ቸርኬ ላይ በነፋስ ማስገቢያው አካባቢ ወይም በውስጥ በኩል ተመትቶ ይገኛል። በአሉሚኒየሙ ላይ ከጀርባ ነው። «16 በ7ጄ» ካለ ዲያሜትሩ 16፣ ስፋቱ 7 ኢንች ነው። ጄዋ የከንፈሩን ቅርጽ ነው የምትናገረው። ቀለም ተቀብቶ ጽሑፉ ከጠፋ በሽቦ ብሩሽ ፈግፈግ አድርገው፤ ይወጣል።

«265 የተጻፈበት ጎማ የትም ቢገባ 265 ነው»

አይደለም። 265 ሚሊሜትር የተባለው ጎማው በመለኪያ ቸርኬው (ያ ልክ ሲወጣ ጎማው በሚለካበት ቸርኬ) ላይ ሆኖ፣ ከጎን እስከ ጎን ሲለካ ነው። ቸርኬው በግማሽ ኢንች ሲሰፋ ጎማው በ5 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ሲጠብም እንደዚያው ይጠባል። የ265/70/16 መለኪያ ቸርኬ 8 ኢንች ነው። በ7 ኢንች ላይ ሲገባ ወደ 255 ይወርዳል። ይሄ የተፈቀደ ነው፣ ብዙ መኪና ከፋብሪካ በ7 ኢንች ነው የሚመጣው። ሌላው ነገር፣ ይህ ቁጥር የጥርሱ ስፋት አይደለም። መሬት የሚነካው ክፍል ከዚህ ያንሳል።

«ሰፋ ሲል ከፍም ይላል»

ሃርድቶፕ ላይ 265/70/16 የሚያስገቡ ሰዎች መኪናው ከፍ እንደሚል ያስባሉ። ሒሳቡን እንስራው። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። 265 በ0.70 ሲባዛ 185.5 ሚሊሜትር። ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ፣ 371። የ16 ኢንች ቸርኬ 406 ሚሊሜትር ነው። ድምሩ 777 ገደማ። በ235/85/16 ተመሳሳይ ሒሳብ ስትሰራ 806 ይመጣል፤ 7.50-16ም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ 265 ያደረገው ሃርድቶፕ በዲያሜትር 3 ሴንቲሜትር ያህል ወርዷል። ከሆዱ በታች ያለው ክፍተት በ1.5 ሴንቲሜትር ቀነሰ። ድንጋይ ለመሻገር የተገዛ ጎማ መኪናውን ወደ ድንጋዩ አስጠጋው!

ተቃራኒውም አለ። በ265/70/16 የሚሄድ ሃይሉክስ ላይ 285/75/16 ሲገባ ዲያሜትሩ ወደ 834 ይወጣል፤ 7 በመቶ ጭማሪ ነው። ቆጣሪው 60 ሲል አንተ 64 ላይ ነህ። ዳገቱ ላይ ማርሹ ከወትሮው የከበደ ይመስልሃል፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑም የሰነፈ ይመስልሃል። መምሰል ብቻ አይደለም፣ እውነትም ነው። ይህ ልክ ደግሞ ቸርኬ ከ7.5 ጀምሮ ነው የሚፈልገው፤ 7 ኢንቹ የፋብሪካ ቸርኬ አይበቃውም።

«ሰፊ ጎማ የበለጠ ይቆነጥጣል»

ይሄኛው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው የሚያስቸግረው።

መጀመሪያ አስፋልቱን እንይ። አንድ ጎማ 700 ኪሎ ቢሸከምና 35 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ቢሞላ መሬት የሚነካው ስፍራ በግምት 280 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይህን የሚወስነው በዋናነት ክብደቱና ነፋሱ ነው። ጎማው ሰፊ ከሆነ ስፍራው ወደ ጎን ሰፋ ብሎ በርዝመቱ ያጥራል። ጠባብ ከሆነ ረዘም ብሎ ይጠባል። ያው ስፍራ፣ የተለያየ ቅርጽ። ሰፊው በደረቅ አስፋልት ጥምዝ ላይ ይረጋል፤ ይሄ ግማሹ እውነት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አስፋልቱ ውሃ ሲይዝ ሰፊው ጎማ ከፊቱ የሚገፋው ውሃ ይበዛበታል፣ ቶሎም ይንሳፈፋል። ጥርሱ ያለቀ ከሆነማ አይወራም።

ከአስፋልት ውጪ ደግሞ «ጭቃ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ከላይ ልስልስ፣ ከስር ጠጠር የሆነ መንገድ ላይ ጠባቡ ልስልሱን ቆርጦ ጠጠሩን ይነካል፤ ሰፊው ከላይ ይዋኛል። ወደ አፋር ወርደህ አሸዋ ላይ ከገባህ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ መንሳፈፉ ነው የሚፈለገው። ነፋስ ቀንሰህ ትሄዳለህ።

የጃማና የወረኢሉ ዋልካ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጥቁሩ አፈር ከረጠበ በኋላ ጥርሱን ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ከዚያ ከፓራፋንጎው ስር ይጠቀጠቃል። ሰፊ ጎማ ያስገባ ሰው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የነበረችውን ክፍተት ራሱ ስለዘጋት ቶሎ ይቆማል። ለእንዲህ ያለ መንገድ የድሮው ጠባብ 7.50 እስካሁን የሚከበረው በከንቱ አይደለም። በእኔ አስተያየት ወደ ገጠር ለሚመላለስ ሃርድቶፕ ከዚያ የተሻለ ልክ መፈለግ ገንዘብ መጣል ነው።

«ቸርኬውን ማስፋት ጉዳት የለውም»

ልኩ ውስጥ ከሆነ የለውም። ከልኩ ካለፈ ጎማው ወደ ጎን ይለጠጣል። ጎኑ ቸርኬውን መሸፈኑ ይቀርና የቸርኬው ከንፈር ወደ ውጭ ይወጣል፤ የመንገድ ዳር ድንጋይ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ዳርና ዳሩ ይላጫል፣ መሃሉ ይቀራል። ነፋስ ቀንሰህ ስትሄድ ደግሞ ጠርዙ ከቸርኬው ለመውጣት ቅርብ ነው። አሸዋ ውስጥ ጎማ ከቸርኬ ወጥቶበት ያየ ሰው ሰፊ ቸርኬ አይመኝም።

ሰፊ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ጎማውን ወደ ውጭም ይገፋዋል። ያኔ መሪው በየጉድጓዱ እጅህን ይመታል፣ ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫናም ይጨምራል።

«ነፋሱን ጎማው ጎን ላይ በተጻፈው ልክ ሙላ»

ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጣሪያው ነው። የሚሞላው በሹፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው ነው፣ እሱም መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ለመጣው ልክ። ልኩን ከቀየርክ በጠመኔ ፈትሽ፦ በጥርሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር አስምር፣ ሜዳ አስፋልት ላይ ቀጥ ብለህ ጥቂት ሂድ፣ ውረድና እይ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ ነፋሱ በዝቷል ወይም ቸርኬው ጠቧል። ዳሩ ብቻ ከጠፋ ተቃራኒው።

«ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ ጎማው ስለሚነፋ ነፋስ ቀንስ» የሚልም አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይሄ መለኪያው ላይ 1 ፒኤስአይ ቢጨምር ነው። የደሴ ብርድ ደግሞ ያንኑ መልሶ ይወስደዋል። አትንካው። ከቆላ ሲመጣ የሞቀ ጎማም አይቀነስም፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

«ሁለት አዲስ ሰፊ ከኋላ፣ አሮጌው ከፊት ይቆይ»

በሁለት እግር ብቻ ለሚነዳ መኪና ያስኬድ ይሆናል። ፎርዊል ላይ ግን የፊቱና የኋላው ዲያሜትር ከተለያየ፣ የፊቱን አክስል ባስገባህ ጊዜ ሁለቱ አክስሎች በተለያየ ፍጥነት መዞር ይፈልጋሉ፤ ማርሹ ግን አንድ ላይ አስሯቸዋል። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ያቃልለዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጭንቀቱ ወደ ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ወደሚያከፋፍለው ማርሽ) ይሄዳል። ሁልጊዜ በአራቱም የሚነዳ ፕራዶ ከሆነ ደግሞ የመሃል ዲፈረንሻሉ እረፍት አያገኝም። ለአራት የሚሆን ገንዘብ ከሌለህ እዚያው የነበረውን ልክ ሁለት ግዛ።