«ብሩድ ኤክስ» ማለት ምን ማለት ነው?
እ.ኤ.አ. በ2021 በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ከየዛፉ ሥር እየፈሉ የወጡት ቀይ ዓይን ሲካዳዎች (ክንፍ ያላቸው፣ በጩኸታቸው የሚታወቁ ነፍሳት) «ብሩድ ኤክስ» ሲባሉ፣ ስሙ ለብዙዎች የአንድ ዝርያ መጠሪያ መስሏቸው ነበር። ብሩድ ግን በአንድ ዓመት አብሮ ከመሬት የሚወጣ የእድሜ እኩያ ትውልድ ነው፤ ኤክስም ፊደል ሳይሆን የሮማውያን 10 ቁጥር ሲሆን፣ በዚህ ትውልድ ውስጥ ሦስት ዝርያዎች ይገኛሉ። የዛፍ ሥር ፈሳሽ እየመጠጡ 17ኛ ዓመታቸው ሲደርስ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለው አፈር ወደ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ቀጣዩ ተራቸው በ2038 ነው።

ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የመጡ የጥንት ሰፋሪዎች «አንበጣ» ብለው ስለጠሯቸው ሌላ ግርታ ተፈጥሯል። ኦሪት ዘሌዋውያን አንበጣን ለመብል ይፈቅዳል፤ ሲካዳ ግን ከአንበጣ ወገን ስላልሆነ፣ በስሙ ብቻ ተነሥቶ ፈቃዱን ወደ እርሱ ማሻገር ትክክል አይመስለኝም። የሚበሉት ሰዎች የሚመርጡት ቅርፊቱን ገና የገፈፈውን፣ ገላው ነጭና ለስላሳ የሆነውን ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ጠቁሮ ይጠነክራልና። ሽሪምፕ (ቅርፊት ያለው ትንሽ የባሕር እንስሳ) የማይስማማው ሰው ግን እባክዎ አይቅመሰው፤ ሲካዳ የሽሪምፕ የሩቅ ዘመድ በመሆኑ ያንኑ አለርጂ ሊቀሰቅስበት ይችላል።